የአጥንት መሳሳት ክኒን ከቡና በፊት ይዋጣል
አረጋዊ ወላጅዎ በቀላል መውደቅ አጥንታቸው ከተሰበረ፣ ሌላ ስብራት የመከተል ዕድሉ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ከፍተኛ ነው። ጄሶው ተፈታ ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም።

ሐኪም አሌንድሮኔት የተባለውን የአጥንት መሳሳት ክኒን፣ ባለ 70 ሚሊግራሙን፣ ካዘዘላቸው፣ በሳምንት 1 ቀን ብቻ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሳይታኘክ በ1 ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ፤ ከተጋደሙ ክኒኑ የምግብ ቧንቧቸውን ሊያቆስል ይችላል። ቁርስ፣ ቡና፣ ወተትና የካልሲየም ክኒን ከዚያ በኋላ ነው። የጠዋት ቡናን ማቆየት ይከብዳል፤ ግን አብሮ ከተወሰደ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ቀኑ ከተረሳ ባስታወሱ ማግስት ጠዋት 1 ብቻ ይውሰዱ፣ በአንድ ቀን 2 ፈጽሞ አይዋጥም። የመዋጥ ችግር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።