ፓሽን ፍሩታችሁ ያብባል፣ ግን አያፈራም?

ሐረጉ አጥሩን ሞልቶታል። አበባውም ለዓይን ያሳሳል። ፍሬ ግን የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማዳበሪያ ይጨምራል። ቆይ፣ መጀመሪያ አበባውን እዩት።

አበባው ፍሬ ሳይዝ ከረገፈ፣ ብዙውን ጊዜ ብናኝ አልደረሰውም ማለት ነው። አንድ አበባ የሚከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ሐምራዊ ፍሬ የሚሰጠው ጠዋት ይከፈታል፤ ቢጫው እኩለ ቀን ገደማ። የማር ንብ ለዚህ አበባ ትንሽ ናት፤ ብዙ ጊዜ ብናኙን ሰብስባ ሴቴውን ሳትነካ ትሄዳለች። ደህና የሚሠሩት እንጨት የሚቦረቡሩት ትልልቅ ንቦች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ሥራው የእናንተ ነው።

ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። አበባው መሃል ላይ 5 ወንዴዎች አሉ፤ ስትነኳቸው ቢጫ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል፤ ብናኙ እሱ ነው። ከነሱ በላይ 3 ሴቴዎች አሉ። አበባው ሲከፈት ቀና ብለው ይቆዩና ቀስ እያሉ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ሲታጠፉ ጫፋቸውን በዱቄቱ ቀቡት። ዝናብ የመታው ብናኝ ግን ዋጋ የለውም።

ቢጫው ሌላም ጣጣ አለው፤ በራሱ ብናኝ አያፈራም። አንድ ተክል ብቻ ካላችሁ ቀኑን ሙሉ ብትቀቡት ትርፉ ድካም ነው። ከአንድ እናት የተቆረጡ ሁለት ተክሎችም ያው እንደ አንድ ናቸው። ከሌላ ዘር የበቀለ ጎረቤት ትከሉለት።

ፍሬው ይዞ ውስጡ ባዶ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያው ነው። ጭማቂው የሚገኘው እያንዳንዱን ዘር በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ነው። ብናኝ ሲያንስ ዘር ያንሳል፣ ጭማቂውም አብሮ ያንሳል።

ጭራሽ ካላበበ፣ ወይ ጥላ በዝቶበታል ወይ ዩሪያ። ዩሪያውን አቁሙ። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ምርቱ ሲያልቅ ግረዙት። ገና ትንሽ ችግኝ ከሆነ ግን ታገሡት።

ፍሬው ጠማማና ድንጋይ የሆነ፣ ቅጠሉም የተዥጎረጎረ ቫይረስ ይዞት ሊሆን ይችላል። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ትንሽ ነፍሳት ያዛምተዋል፤ መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ አስወግዱት፣ መቀሱንም አጽዱ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ድንገት ከጠወለገ፣ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና እዩ። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ፉዛሪየም የሚባለውን ፈንገስ ጠርጥሩ። እዚያው ቦታ ሐምራዊውን አትድገሙ፤ በቢጫው ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ ይሻላል።

ተሸብሽቦ መሬት የወደቀ ፍሬ አይታችሁ ግን አትደንግጡ። በስሏል፤ ብሉት።