በእግር ለሚሠራ ቶርኖ ምን ምን እንሰብስብ?

ሰፈራችን መብራት ሄደ መጣ ማለት ካበዛ ወዲህ ማሽን የመግዛቱን ሐሳብ ትቼ በእግር የሚረገጥ ቶርኖ፣ ማለትም እንጨት እያዞሩ በመሮ የሚጠርቡበት መሣሪያ፣ ሠራሁ። አሠራሩ የቆየ ነው። እንጨቱ በሁለት ሹል ብረቶች መሀል ይያዛል፤ ገመድ ይጠመጠምበታል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከላይ ከአጣና፣ ሌላው ከታች ከመርገጫ ጋር ይታሰራል። ስትረግጡ እንጨቱ ወደ እናንተ ይዞራል፣ መሮውም ይቆርጣል። ስትለቁ አጣናው ጎትቶ ይመልሰዋል። በእንግሊዝ አገር የችልተርን ጫካ ጠራቢዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የወንበር እግር እያወጡ ለሃይ ዊኮም ከተማ የወንበር ፋብሪካዎች ይሸጡ የነበረው በእንዲህ ያለው ነው።

መጀመሪያ የሚፈለጉት ቋሚዎቹን የሚሸከሙት ሁለት አግዳሚዎች ናቸው። ከባድ ይሁኑ። ቀላል ከሆኑ በረገጣችሁ ቁጥር ቶርኖው ይንፏቀቃል። አዲስ ሞራሌ ባትገዙ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሂዱ። እሱ መጣመሙንም መሰንጠቁንም ድሮ ጨርሷል። ጫፉን በጥፍር ጫን አድርጉት፤ ከሰረጎደ ተዉት። ምስማሩን ደግሞ እዚያው በጉጠት አስነቅሉ፣ አለዚያ መጋዛችሁ ያልቃል። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ቢሆን ይበቃል። ጎን ለጎን ሲቆሙ በመሀላቸው 5 ሴንቲ ክፍተት ይቀራል።

በዚያ ክፍተት ገብተው ሹል ብረቶቹን የሚይዙት ሁለት ቋሚዎች ጠንካራ እንጨት ይፈልጋሉ። ወይራ ግሩም ነው፤ ግን የቆመ ዛፍ አታስቆርጡ፣ አሮጌ የበር መቃን ፈልጉ። ከሥር በሽብልቅ ስለሚጠብቁ ኮላም ምስማርም አያስፈልግም።

ብረቱን ምን አለሽ ተራ ታገኛላችሁ። 12 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ይበቃሉ። አንዱ ቋሚው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሌላው በዳዶ ውስጥ እየዞረ እንጨቱን ያጠብቃል፤ ስለዚህ ዳዶውን ከመግዛታችሁ በፊት እስከ ጥርሱ መጨረሻ አዙራችሁ ሞክሩት። በያጅ ጫፋቸውን ያሹልላችሁ፣ እጀታም ይበይድላችሁ። ሹሉ እንደ መርፌ አይቅጠን፣ ይታጠፋል። የሁለቱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ሲሽከረከር እንዳይጮህና እንዳይጨስ ከሥጋ ቤት ትንሽ ሞራ ለምኑ፤ ከግራሶ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፣ እንጨቱን አያጠቁርም።

አጣናው እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ወደ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። ደረቁ ይሰበራል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ማሰሪያ በሁለት እንጨቶች መሀል ወጥራችሁ ገመዱን እሱ ላይ እሰሩ።

ለገመድ የቃጫውን ተዉት፣ ፍትጊያው ቶሎ ይበጣጥሰዋል። ጠፍር ያምራል፤ እርጥበት ሲነካው ግን ይለጠጣል። የተጎነጎነ፣ 6 ሚሊሜትር የሚሆን የናይለን ገመድ ግዙ። ስትጠመጥሙት ወደ መርገጫው የሚወርደው በእናንተ በኩል ይሁን። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት እንጨቱ መሮውን ወደ ላይ ይገፋዋል።

መሮ ከሱቅ ባታገኙ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይዛችሁ አንጥረኛ ጋ ሂዱ። እጀታው ረዘም ይበል፣ ሁለት እጅ ይያዝበታል። ለመለማመጃ ትናንት የተቆረጠ ግራቪሊያ ይሻላል፤ እርጥብ ስለሆነ መሮው ሳይታገል ይልጠዋል።