ኢሚውኖሎጂን ከጣታችሁ ጀምሩት

ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ልማር ብዬ መጀመሪያ የሴሎቹን ስም መሸምደድ ጀመርኩ። በሳምንቱ ተውኩት። እናንተ እንዲህ አትጀምሩ።

መጀመሪያ አንድ ቁስል ያዙ። ክረምት ነው፣ ደሴ ናችሁ፣ በለስ ስትልጡ እሾሁ ጣታችሁን ወጋው። ቆዳ አጥር ነበር፤ ተበሳ፣ ባክቴሪያ ገባ። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል፤ ይሄ ሁሉ የባክቴሪያው ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የደም ሥሮች ሰፍተው ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ስለሚያስገቡም ነው። መግሉ በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። (ይሄን ካወቅኩ ወዲህ መግል ሳይ ትንሽ አዝናለሁ።)

ቀጥሎ ንፍፊቱን ተከተሉ። ጣት ሲያመረቅዝ ብብት ሥር የሚያብጠው እሱ ነው፣ ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ ይሉታል። እዚያ ቲ እና ቢ የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች የገባውን ጀርም ለይተው ይባዛሉ። ቢ ሴል አንቲቦዲ ያመርታል፣ ጀርሙ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ቲ ሴል አንዱ ያስተባብራል፣ ሌላው በቫይረስ የተያዘ ሴል ይገድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል፣ ያው ጀርም ሲመለስ ግን ስለሚያስታውሱት ቶሎ ይደርሳሉ። ክትባት ይሄን ትውስታ ሳትታመሙ መስጠት ነው።

ታዲያ የኩፍኝ ክትባት ለምን እንደተወለዱ ሳይሆን በ9 ወር ይጀመራል? ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ ከእናቱ የወሰደው አንቲቦዲ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። በ15 ወር የሚደገመው ደግሞ በመጀመሪያው ያልያዘላቸው ልጆች ስላሉ ነው። በነገራችን ላይ እንገርም አንቲቦዲ የሞላበት ነው፤ አልበው የሚደፉትን ሳይ ያናድደኛል።

ከዚያ ሲበላሽ እዩት። ኤችአይቪ የሚገባው አስተባባሪው ቲ ሴል ውስጥ ነው፣ ሲዲ ፎር ተብሎ የሚቆጠረው። ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 ሲወርድ ጤነኛን ሰው የማይደፍር ጀርም ሁሉ ይደፍራል። አለርጂ ደግሞ ለአበባ ብናኝ ጦር መምዘዝ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የልጆች የልብ ሕመም ነው፦ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል፣ ሰውነት ይዋጋዋል፣ ግን አንዳንዴ ባክቴሪያው ከልብ ቫልቭ ጋር ይምታታበታል። ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ልብም ይጎዳል። ስለዚህ የልጅ ጉሮሮ ሲቆስል ማስመርመር ነው።

መጨረሻ ላይ የልጅ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ቡና የጠራችሁ ጎረቤት ጋ ሂዱና አስረዱ። አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ እስኪደርስ ካልገባት፣ ወደ ንፍፊቱ ተመለሱ።