በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን፦ ከምዝገባው በፊት ካለው ዝግጅት እስከ ፈቃዱ

አሜሪካ ውስጥ ዴንታል አሲስታንት የሚባለው የጥርስ ሐኪም ረዳትነት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሁለት ወይም በሦስት ሴሚስተር ሰርተፊኬት የሚያዝበት ሙያ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ በአሶሼት ዲግሪ መውጣትም ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ሥራ ግን ሰርተፊኬቱ ይበቃል። የመጽሐፉ ትምህርት ትጉህ ተማሪን አያስፈራም። ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ አንደኛው ከትምህርቱ በፊት ወራት በሚፈጁት ወረቀቶችና ክትባቶች፣ ሁለተኛው እጅ ሥራውን እስኪለምድ በሚጠይቀው ድግግሞሽ። እዚህ የምናተኩረውም በእነዚህ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ

ከክፍያውም ከርቀቱም በፊት መጠየቅ ያለበት «ፕሮግራሙ የኮዳ ዕውቅና አለው ወይ?» የሚለው ነው። ኮዳ የጥርስ ሕክምና ትምህርቶችን የሚመዝን አገር አቀፍ ኮሚሽን ሲሆን፣ ዕውቅና የሰጣቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የጥርስ ረዳት ፕሮግራሙ ለራሱ የተሰጠው ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። ኮዳ ቢያንስ 900 የትምህርት ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 300ው ክሊኒክ ውስጥ ታካሚ ፊት የሚሠራ የተግባር ልምምድ ነው።

ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እናስመርቃለን የሚሉ የግል ትምህርት ቤቶችም አሉ። ብዙዎቹ የኮዳ ዕውቅና የላቸውም፤ ልዩነቱ የሚታየውም ኋላ ነው። ከኮዳ ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ሲዲኤ ለሚባለው አገር አቀፍ የምስክር ወረቀት ወዲያው ይፈተናል። ሌላው ግን መጀመሪያ 3,500 ሰዓት በሥራ ላይ ማስቆጠር አለበት፣ ይህም ቢያንስ ሁለት ዓመት ይወስዳል። አጭሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ወደፊት የጥርስ ንጽሕና ባለሙያ፣ ማለትም ሃይጂኒስት፣ ለመሆን የምታስቡ ከሆነ ይህን ከወዲሁ ዕወቁ፦ የረዳትነት ኮርሶች በአብዛኛው ወደ ሃይጂን ፕሮግራም አይቆጠሩም። እዚያ የሚፈለጉት እንደ አናቶሚ፣ ኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ ያሉ ኮርሶች ናቸው። ግባችሁ ሃይጂን ከሆነ እነዚያን መጀመር ይሻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ በጊዜ ሙሉ። ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኛነታቸው የጸደቀላቸውና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላሉ። ብዙ የአገራችንን ሰው ሳያስበው የሚይዘው ነገር ግን አለ፦ አገር ቤት የተያዘ የመጀመሪያ ዲግሪም ቢሆን ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ ያስቀራል። ዲግሪውን ደብቆ ማመልከት የተሰጠውን ገንዘብ መልሶ ከማስከፈልም ያለፈ መዘዝ ስላለው እውነቱን ሞልታችሁ የኮሌጁን የራሱን ስኮላርሺፕና የስቴቱን የሥራ ሥልጠና ድጋፍ ጠይቁ። በብዙ ስቴቶች የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት 12 ወር መኖር ስለሚያስፈልግ አዲስ መጥታችሁ ከሆነ የምዝገባውን ጊዜ ከዚህ ጋር አገናዝቡ።

አስቀድሞ የሚጀመረው

አገር ቤት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ትራንስክሪፕቱን ናሴስ የሚባለው የውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር አባል በሆነ ድርጅት አስገምግሞ ለኮሌጁ ያቀርባል። አንዳንድ ገምጋሚዎች ሰነዱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚፈልጉ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሰነዱ ከነአካቴው የማይገኝ ከሆነ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ የሚተካውን የጂኢዲ ፈተና መፈተን ይቀላል። የእንግሊዝኛ ምደባ ፈተናውንም ሳትዘጋጁ አትግቡበት፤ ዝቅ ያለ ውጤት አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር የቋንቋ ኮርስ ይጨምርባችኋል።

ክትባቱ ከሁሉ በላይ ቀድሞ መጀመር አለበት። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። የመጨረሻው ከተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ሰውነት መከላከያ ማበጀቱ በደም ምርመራ ይረጋገጣል። በነሐሴ ለሚከፈት ትምህርት በሰኔ የጀመረ ሰው ጊዜው አይበቃውም። ዘግይታችሁ ከሆነ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሄፕሊሳቭ የሚባል ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ክትባት ስላለ ሐኪማችሁን ስለ እሱ ጠይቁ። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት ማስረጃም ይፈለጋል፤ ካርዱ ከጠፋ የደም ምርመራ ይተካዋል።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ለእኛ ለብቻው መነገር አለበት። በልጅነታችን ቢሲጂ ስለተከተብን ክንድ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ በሽታው ሳይኖር አብጦ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ደረት ኤክስሬይ፣ ቀጠሮ፣ ደብዳቤ ይመጣል። ኮሌጁ የሚቀበል ከሆነ ከመጀመሪያውኑ የደም ምርመራ ይደረግልን በሉ፤ ቢሲጂ አያዛባውም። እሱም ፖዘቲቭ ካለ ግን ችላ ሳትሉ በሐኪም ታዩ።

የቢኤልኤስ የልብና የትንፋሽ እርዳታ ካርድ ስታወጡ በአካል ተገኝታችሁ በተግባር የምትፈተኑበትን ምረጡ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የተሰጠውን ብዙ ቦታ አይቀበሉትም።

የጥርስ ቁጥር

አሜሪካ ውስጥ የአዋቂ ጥርስ ከ1 እስከ 32 ይቆጠራል። 1 ቁጥር የታካሚው ላይኛ ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ነው፤ ቆጠራው በላይኛው ረድፍ ወደ ግራ ሄዶ 16 ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ከግራው 17 ተነሥቶ ቀኝ ላይ በ32 ይዘጋል። የወተት ጥርሶች ከኤ እስከ ቲ ባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጠራሉ። ከውጭ አገር የጥርስ ሕክምና ልምድ ይዛችሁ የመጣችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በብዙ አገሮች በሚሠራበት ባለሁለት አሃዝ አቆጣጠር 16 ማለት ላይኛ ቀኝ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው፤ እዚህ ግን ያ ጥርስ 3 ቁጥር ሲሆን 16 የሚባለው በተቃራኒው ጎን ያለው የመጨረሻው ጥርስ ነው። በነቀላ ቀን ይህን ማምታታት የማይመለስ ጉዳት ነው። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ባዶ ሰንጠረዥ ላይ እየሞላችሁ አጥኑ፤ «19» ሲባል ሳታስቡ ታች ግራ የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ እስኪመጣላችሁ ድረስ።

ወንበሩ ዳር

በቀኝ እጁ ከሚሠራ ሐኪም ጋር ስትቀመጡ የታካሚውን ፊት እንደ ሰዓት አስቡት፣ 12 አናቱ ላይ። ሐኪሙ ከ7 እስከ 12 ባለው ቦታ ይንቀሳቀሳል፣ ረዳቱ ከ2 እስከ 4 ይቀመጣል፣ መሣሪያ የሚቀባበሉት ከ4 እስከ 7 ባለው ክልል ነው፤ ይህም አገጭና ደረት ላይ ማለት ነው። ከታካሚው ዓይን በላይ መርፌም ሆነ ስለት አይተላለፍም። ወንበራችሁ ከሐኪሙ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ አንገታችሁን አስግጋችሁ ለማየት ስትሉ በጥቂት ወራት ወገባችሁ ይጎዳል።

ሳክሽኑ፣ ማለትም ምራቅና ውሃ የሚስበው ቱቦ፣ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ግራው መሣሪያ ለማቀበልና አየርና ውሃ ለመርጨት ነው። ሳክሽኑ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን ከማስገባቱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት። ከገባ በኋላ ቦታ ፍለጋ ከሆነ እጁንም ዕይታውንም ትጋርዳላችሁ። የጫፉ ሰያፍ ገጽ ከጥርሱ ጎን ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጫፉም ከሚነከስበት ገጽ ትንሽ አለፍ ይበል። ለስላሳውን ላንቃ ወይም የምላስን ሥር ከነካ ታካሚው ያቅለሸልሸዋል፤ ጉንጭ ከሳበ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል፣ ያኔ ጫፉን ትንሽ ማዞር ይበቃል።

መሣሪያ ሲቀበሉ ያገለገለው በግራ እጅ ትንሿ ጣት ተጠቅልሎ ይያዛል፤ አዲሱ በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሐል ጣት ይቀርባል። የሥራው ጫፍ ለላይ ጥርስ ወደ ላይ፣ ለታች ጥርስ ወደ ታች ይዙር። ሐኪሙ ጣቶቹን ሳያስተካክል ወዲያው መሥራት ከቻለ በትክክል አቀብላችኋል። ይህን ቤት ውስጥ በሁለት እርሳስ መለማመድ ይቻላል፣ እጅም የሚለመደው በዚሁ ነው።

ልክ መውሰድና ጄሶ

አልጂኔት፣ ማለትም በውሃ ታሽቶ የጥርስ ልክ የሚወሰድበት ዱቄት፣ የብዙ ተማሪ ፈተና ነው። ጣሳውን ሳትከፍቱ ገልብጣችሁ አንቀጥቅጡት፣ ዱቄቱ ይላላል። ለታች መንጋጋ ሁለት መስፈሪያ ዱቄት ለሁለት መለኪያ ውሃ፣ ለላይኛው ሦስት ለሦስት የተለመደ ነው፤ መስፈሪያው የዚያው ጣሳ መሆን አለበት። ውሃው 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። ሞቅ ካለ ሳህኑ ላይ እያለ ይጠነክርባችኋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ታካሚው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ውሃው ቀድሞ ይገባል፣ ዱቄቱ ይከተላል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከሳህኑ ግድግዳ ጋር እየተጫነ ይታሻል። መጫኑ አየሩን ያወጣል። ጥራጥሬ ከታየበት አልታሸም ማለት ነው።

የታሸውን በልክ መውሰጃው ትሪ ሞልታችሁ የታችኛውን አስቀድሙ፣ ብዙም አያቅለሸልሽም፣ ታካሚውም ይለምደዋል። ከማስገባታችሁ በፊት ትንሽ አልጂኔት በጣት የጥርሶቹ መንከሻ ላይ ቀቡ፤ የአየር ጉድጓድ የሚበዛው እዚያ ነው። መጀመሪያ የኋላውን ተጫኑ፣ ከዚያ የፊቱን፣ እስኪጠነክርም እጃችሁ አይንቀሳቀስ። የተረፈው ሳህኑ ላይ ሲነካ ካልተጣበቀ ደርሷል። በአንድ ፈጣን ስበት ይወጣል፤ እየወዘወዙ ማውጣት ቅርጹን ያዛባል፣ ሳይደርስ ማውጣት ይቀደዋል። አጥባችሁና በተሕዋስያን መግደያ አጽድታችሁ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሉት። አልጂኔት አየር ላይ ሲቆይ ይሸበሸባል፣ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፤ ሁለቱም የማይገጥም ሥራ ያስከትላሉ። ስለዚህ ጄሶው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈስስበት። ለ100 ግራም ተራ ጄሶ 50 ሚሊ ሊትር፣ ለጠንካራው ዓይነት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ከአንድ ጥግ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ በመንቀጥቀጫው ላይ አስኪዱት።

ኤክስሬይ

ምስል ሲበላሽ «ድገሙት» ከመባላችሁ በፊት ምክንያቱን ራሳችሁ ማንበብ ልመዱ። የጎረቤት ጥርሶች ተደራርበው ከታዩ አግድም አቅጣጫው ተሳስቷል። ጥርሱ ከረዘመ የቁመት ማዕዘኑ አንሷል፣ ካጠረ በዝቷል። አንድ ጠርዝ ባዶ ሆኖ ከቀረ ጨረሩ ምስል ተቀባዩን አልሸፈነውም። በ2024 የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ጨረር የሚከለክለው የሊድ ሽርጥና የአንገት መከላከያ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎ መክሯል፤ ሆኖም የስቴቱ ሕግ አሁንም የሚያዝ ከሆነ ሕጉ ይከበራል።

ማምከን

እዚህ ላይ ቸልተኝነት ቦታ የለውም። ያገለገለ መሣሪያ በምርመራ ጓንት ሳይሆን በወፍራም የእጥበት ጓንት ይያዛል። ታጥቦ ደርቆ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ደም የደረቀበት መሣሪያ እንፋሎት ስለማይደርሰው አይመክንም። የታሸገ መሣሪያ ኦቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ፣ በተለመደው ዓይነት በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ አየር አስቀድሞ በሚያወጣው ዓይነት በ132 ዲግሪ 4 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ከረጢቶቹን አትደራርቡ፣ በጎናቸው አቁሟቸው። እርጥብ ከረጢት ካወጣችሁ ተሕዋስያን በወረቀቱ በኩል ሊገቡ ስለሚችሉ ሥራው ባክኗል። የከረጢቱ ቀለም መለወጡ ሙቀት እንደነካው እንጂ እንደመከነ አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያሳየው በየሳምንቱ የሚደረገው የስፖር ምርመራ ነው፤ ይህም ሙቀት የሚቋቋሙ ተሕዋስያን ማሽኑ ውስጥ ገብተው መሞታቸው የሚታይበት ነው።

መርፌ በሁለት እጅ ፈጽሞ አይከደንም፤ ክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በአንድ እጅ ተጠልፎ ይገባል። ከተወጋችሁ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ ያኔውኑም አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ በሰዓታት ውስጥ ሊጀመር ይገባል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። አፍሮ ዝም ማለት እዚህ ሕይወት ያስከፍላል።

ልምምድ፣ ፈተናና ፈቃድ

የ300 ሰዓቱን መዝገብ በየቀኑ አስፈርሙ፤ በወሩ መጨረሻ የሚያስታውስላችሁ አይኖርም። ክሊኒኩ መሣሪያ ማጠብ ላይ ብቻ ካስቀራችሁ ቶሎ ለኮሌጁ የልምምድ አስተባባሪ ንገሩ፣ ቦታ መቀየር የተለመደ ነው።

የሲዲኤ ፈተናን የሚሰጠው ዳንብ የሚባለው ቦርድ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የጨረር ጥንቃቄ፣ ተላላፊ በሽታን መከላከልና አጠቃላይ የወንበር ዳር ሥራ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመፈተን ምረቃ አያስፈልግም። ስለዚህ ኮርሱን በጨረሳችሁበት ሴሚስተር፣ ሳይረሳ ውሰዷቸው፤ ሦስተኛው ለምረቃ ይቆይ። ሦስቱም በአምስት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 12 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ወስዶ ማደስ ይጠይቃል።

ረዳት ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነው ስቴቱ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ምዝገባ ይጠይቃል፣ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ሰፋ ላለ ሥራ የራሳቸው የፈቃድ ደረጃ አላቸው። ሌላ ስቴት ለመዛወር ካሰባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት የዚያን የጥርስ ሕክምና ቦርድ ገጽ አንብቡ፤ በተለይ ኤክስሬይ ለማንሣት የሚጠየቀው ወረቀት ከስቴት ስቴት ይለያያል።