አሸዋው አንድ፣ ባለቤቱ ብዙ፦ በባሕር ዳርቻ ብረት ፈላጊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ይዤ በባሕር ዳርቻ መዞር ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲመጣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል፤ አዲስ ጠቋሚ የገዛ ወዳጅ፣ ወይም የወዳጅ ወዳጅ ነው። "የትኛው ሞዴል ይሻላል?" የሚለኝ ብዙ ነው። "የማን መሬት ላይ ነው የምፈልገው?" ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን ሁለት ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ትሑትና ጨዋ ወጣት የክስ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። መሣሪያውን ከገዛ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእርሱና ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ነው።

ባሕር ዳርቻን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ዋናው ስህተት ይህ ነው፤ ከሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ የሚወለዱ ናቸው። ሰው አሸዋና ውኃ ሲያይ "የሕዝብ ቦታ ነው" ብሎ ይደመድማል። የሕዝብ መሆኑ እውነት ነው። ግን የሚያስተዳድረው ማን ነው? ከተማው? ካውንቲው? ክፍለ ግዛቱ? ወይስ የፌዴራል መንግሥቱ? ሕጉ የሚለየው በዚህ ነው።

አሳቲግ ደሴትን ተመልከቱ። የዱር ፈረሶቹን ለማሳየት ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው፤ አስተዳዳሪዎቹ ግን ሦስት ናቸው። በሜሪላንድ በኩል ያለው አብዛኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ሲሆን በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ነው። በእርሱ መካከል በዳርቻው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ ገብቶበታል። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ የቺንኮቲግ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፤ በእንዲህ ዓይነቱ መጠለያ ያለ ልዩ ፈቃድ የተቀበረ ንብረት መፈለግ ክልክል ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ አንድ ሕግ፣ ወደ ስቴት ፓርኩ ስትገቡ ሌላ ሕግ ይጠብቃችኋል። ውኃው ዳር ከደረሳችሁ በኋላ ግን የሚያግዳችሁ አጥር የለም፤ አሸዋውም ቀለሙን አይለውጥም።

እኔም እዚያው ተሳስቻለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ ከስቴት ፓርኩ ተነሥቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ከአሸዋው ሳላነሣ ወደ ደቡብ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄድኩ። ትከሻዬን የነካኝ የፓርክ ጠባቂ (ሬንጀር) ባይኖር የበለጠ እሄድ ነበር። ድንበሩን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። አልዋሸሁትም፤ ያገኘሁትን አራት ሳንቲም አወጣሁና አሳየሁት፤ በማስጠንቀቂያ ለቀቀኝ። የክስ ወረቀት ይዞ ቤቴ የመጣው ያ ወጣት ግን ዕድሉ እንደ እኔ አልሆነለትም።

የፌዴራሉ ደንብ ግልጽ ነው፤ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባለ መሬት ላይ ሜታል ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። ቅጣቱ ከገንዘብ አልፎ እስከ ስድስት ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የአርኪዮሎጂ ቅርስ ከፌዴራል መሬት ቆፍሮ የሚያወጣ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብቶች ጥበቃ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ብቻ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከፌዴራል መሬት ላይ የምትቀበሉት ወረቀት መኪና አለቦታው አቁማችሁ እንደምትቀበሉት ወረቀት አይደለም። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። የዜግነት ማመልከቻ ስትሞሉ ደግሞ ከሕግ አስከባሪ ጋር ስለነበራችሁ ታሪክ ትጠየቃላችሁ። ግሪን ካርዱን ለማግኘት ዓመታት የጠበቀ ሰው ለአንድ ዝገት ሳንቲም ብሎ ጠበቃ ፍለጋ ሲዞር ማየት ያንገበግበኛል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የፓርኩን ካርታ ክፈቱ፤ የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ስም አንብቡ፤ ድንበሩን ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ነው።

"አልከፈትኩትም" ማለት

መሣሪያውን ትከሻ ላይ አንግቶ "ጠፍቶ ነው፣ ለማለፍ ብቻ ነው" ማለት አያድንም። ደንቡ የሚፈቅደው ተፈታቶ፣ ሊሠራ በማይችልበት ሁኔታ ታሽጎ ሲቀመጥ ነው። እኔ ዘንጉን ከክቡ መዳሰሻ ለይቼ፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ በቦርሳ አድርጌ ከመኪናው ኋላ አስቀምጠዋለሁ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መሞከር

አታድርጉት። ሄይንስ ፖይንት፣ ሮክ ክሪክ፣ የአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ፓርክ፣ የጆርጅታውን የወንዝ ዳርቻ፣ በቨርጂኒያ በኩል አውሮፕላን ሲያርፍ የምናይበት ግራቬሊ ፖይንት ጭምር በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ የምንጠብስበት ሣር ነውና የራሳችን ግቢ ይመስለናል።

የአሸዋውን ኮረብታ መውጣት

ደላዌር ውስጥ ከኢንዲያን ሪቨር መግቢያ በስተሰሜን "ኮይን ቢች" የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1785 "ፌይዝፉል ስቱዋርድ" የተባለች መርከብ ከሰሜን አየርላንድ ስደተኞችን ጭና ስትመጣ እዚያ ተሰባበረች፤ ብዙ ሰው አለቀ። የጫነችው የመዳብ ሳንቲም እስከ ዛሬ ድረስ ከትልቅ ማዕበል በኋላ ወደ ዳር ይወጣል። ስደተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እዚያ ዳርቻ ላይ ስቆም ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል።

የደላዌር ስቴት ፓርኮች በውቅያኖሱ ዳርቻ ላይ መፈለግን ይፈቅዳሉ፤ የሚፈቅዱት ግን ከአሸዋው ኮረብታ ወደ ባሕሩ ባለው ክፍል ብቻ ነው። ኮረብታውም ሆነ ከኮረብታው ኋላ ያለው መሬት አይነካም። ጀማሪው "ማዕበሉ የድሮውን ነገር ወደ ላይ ገፍቶት ይሆናል" ብሎ ሣሩን እየረገጠ ይወጣል። አሸዋውን የያዘው የዚያ ሣር ሥር ነው፤ ሥሩ ከተበጣጠሰ ቀጣዩ ማዕበል መንገዱንና ቤቱን ያገኛል። ሣሩ ላይ አንድ እግር እንኳ አታሳርፉ። ኬፕ ሄንሎፐን ላይ ደግሞ "ዘ ፖይንት" የሚባለው ጫፍ በአሸዋ ላይ ለሚፈለፍሉ ወፎች ሲባል ከማርች 1 ጀምሮ ለወራት ይዘጋል። የወፎቹ እንቁላል ጠጠር ስለሚመስል ቀድሞ የሚያየው ዓይናችሁ ሳይሆን ጫማችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ተፈቅዶ ነበር ብሎ መሄድ

ደንብ ይለወጣል፤ ሰዓትና ወቅትም ይወሰናል። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ኢሜይል ጻፉና መልሱን አትማችሁ ያዙ። በስልክ የነገራችሁን ሰው ስም ካላስታወሳችሁ የተነገራችሁ ነገር ምንም አይጠቅማችሁም።

ጉድጓድ ትቶ መሄድ

ሙሉት። የመዋኛ ዳርቻ ላይ ልጆች በማታ ይሮጣሉ። ብዙ ከተሞች ፈቃዱን የሚነሡን በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነው።

የማታውቁትን የዛገ ነገር ማንሣት

እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሰርፍ ሲቲ በምትባል ከተማ ዳርቻውን ለማስፋት ከባሕር ሥር በተቀዳ አሸዋ ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተጣሉ ጥይቶችና ማቀጣጠያዎች ወጡ፤ ዳርቻውም ለጊዜው ተዘጋ። ከባሕር ተቀድቶ የተደፋ አዲስ አሸዋ ብዙ ቦታ አለ። ሲሊንደር የሚመስል፣ ከበድ ያለ፣ ዝገት የበላው ነገር ካያችሁ አትንኩት፣ አትጥረጉት፤ ራቅ ብላችሁ 911 ደውሉ።

እግረ መንገዴን፣ እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ እኔ የምጽፈውን አንብባችሁ አሽዶድ ወይም አሽቀሎን ዳርቻ ላይ እንዳትሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የአገሪቱ የቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ በዚህ መሣሪያ ቅርስ መፈለግ ወንጀል ነው፤ ድንገት ቅርስ ያገኘም በ15 ቀን ውስጥ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። "ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ ላንጋኖ ይዤው ልሂድ?" ለሚሉኝም መልሴ ያው ነው፤ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ያገኘሁት ሁሉ የእኔ ነው ማለት

አይደለም። ዛሬ ጠዋት የወደቀ ቀለበት ባለቤት አለው፤ ምናልባት አሁን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ አልጋውን እያገላበጠ ይሆናል። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ የተገኘ ንብረት ባለቤቱ ካልታወቀ ለፖሊስ መሰጠት አለበት። እኔ ግን ሕጉን ሳልጠብቅ ሁሌም አስመዘግባለሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ኦሽን ሲቲ ዳርቻ ላይ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ፣ በወንፊት አካፋዬ አንድ የወርቅ ቀለበት ወጣ። አጥቤ ውስጡን ወደ ብርሃን ሳዞረው "ጥር ፲፱፻፺፰" ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጣቢያ ወስጄ አስመዘገብኩ፤ ተረኛው ፖሊስ ጽሑፉን ማንበብ ስላልቻለ "የማይታወቅ ምልክት" ብሎ ጻፈ። እኔም ስልክ ቁጥሬን ተውኩና ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኙ ሦስት የሐበሻ ሱቆችና በሁለት ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ለጠፍኩ። "ቀለበት ተገኝቷል" ብቻ አልኩ፤ ወርቅ መሆኑንም ሆነ የተጻፈበትን አልገለጽኩም። ይህን እናንተም አጥብቃችሁ ያዙ፦ ምልክቱን የሚናገረው ባለቤቱ ነው እንጂ አግኚው አይደለም። አምስት ሰው ደወለ። አራቱ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቀለሙ ገመቱ። አምስተኛዋ አንዲት እናት ነበሩ፤ "እባክህ ልጄ፣ ውስጡ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነገር አለው?" አሉኝ። "ምን ይላል እሜቴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ወሩንና ዓመቱን ነገሩኝ፤ ቀጥለውም ባላቸው ካረፉ ሁለት ዓመት መሆኑን ነገሩኝ። በማግሥቱ አብረን ጣቢያ ሄደን ፈርመው ተቀበሉ።