በረዶና ጎርፍ ሥራ ሲያስቆም ሠራተኛ የሚሳሳታቸው ነገሮች

በአገራችን ከሥራ ለወጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የመንግሥት መድን የለም። ባሕር ዳር ዙሪያም ሆነ ቡሬ በኩል በረዶ ወይም ጎርፍ የእርሻ ድርጅቱን ሲያስቆመው ሠራተኛው የሚይዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው።

«ስንፈልጋችሁ እንደውላለን» ሲባሉ ጓዝን ጠቅልሎ አገር ቤት መግባት። ይሄ ያንገበግበኛል! በረዶው የግሪን ሃውሱን ላስቲክ ይቀዳድዳል፣ ካቦው በቃሉ ተናግሮ ይበትናቸዋል፣ ልጆቹ ፌስታል አንጠልጥለው ወደ ሰከላ፣ ወደ ደጋ ዳሞት። ማንም አይደውልም። ከአቅም በላይ በሆነ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ከተቋረጠ አሠሪው የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል፤ ነገር ግን በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሥራ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን አያልፍም፣ እስከዚያ ደመወዝ የለም። እገዳው ባበቃ ማግስት ባለው የሥራ ቀን በሩ ላይ መገኘት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ከተገኛችሁ አሠሪው ወደ ሥራ የመመለስ ግዴታ አለበት። አንዲት ልጅ ሳምንታት ዘግይታ መጥታ ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ «ስምሽ የለም» አላት። «ጋሼ፣ ይደውላሉ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?

የእገዳውን ደብዳቤ ቅጂ አለመያዝ። በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሱት።

የስንብት ክፍያን ስሌት ሳያውቁ መፈረም። ድርጅቱ ጭራሽ ከተዘጋ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል። በቀን 150 ብር እየተከፈለው 3 ዓመት የሠራ ሰው 4,500፣ ሲደመር 1,500፣ ሲደመር 1,500፤ 7,500 ብር የስንብት ክፍያ አለው። በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 9,000 ብር ይታከላል። ጠቅላላው 16,500 ነው። «ይቺን ያዙና እዚህ ጋ ፈርሙ» ተብለው ሁለት ሺህ ብር ተቀብለው የሚሄዱት ይህን ሁሉ ትተው ነው።

የቀበሌ እርዳታን ከዚህ ጋር ማደባለቅ። ስንዴ መቀበል የስንብት ክፍያችሁን አያስቀርም፤ ቀበሌ መመዝገብም አሠሪውን መጠየቅ ማለት አይደለም።

የሥራ ልምድ ወረቀት ሳይጠይቁ መውጣት። በነጻ ነው የሚሰጠው።

ይርጋን፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብን መርሳት። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል፦ ነሐሴ አጋማሽ ከተሰናበታችሁ የካቲትን አትጠብቁ። ሽማግሌ ልኮ ማግባባት ደግ ነገር ነው፣ ነገር ግን ሽምግልናው እየተጓተተ ወራቱ ያልቃሉ። ክሱን አስገብታችሁ ሽማግሌውንም ላኩ፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።