ለቀላል የመኪና ጭረት የትኛውን የፖሊሽ ማሽን ልግዛ?

ስለ ማሽን ከማሰባችሁ በፊት ጥፍራችሁን አውጡ። መኪናዋን እጠቡና አድርቁ፤ ከዚያ ጭረቱን በጥፍር አቋርጡት። ጥፍሩ ከያዘ ጭረቱ ጠልቋል፤ የቀለም ቀቢ ሥራ ነውና ገንዘባችሁን በማሽን ላይ አትጨርሱ። ጥፍሩ ምንም ሳይሰማው ካለፈ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

የአብዛኛው መኪና ቀለም ላይ ክሊር የሚባል መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። ፖሊሽ ጭረቱን የሚሞላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይሞላም። በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂቱ እየፋቀ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ ልትገዙ የምትሄዱት መፋቂያ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ሮታሪ የሚባለው ዲስኩ እንደ ግራይንደር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሽከረከራል። ዱዋል አክሽን፣ ባጭሩ ዲኤ፣ ደግሞ እየተሽከረከረ ትንንሽ ክብ ይሠራል፤ መስታወት ስትወለውሉ እጃችሁ እንደሚሄደው ማለት ነው።

እኔ የጀመርኩት በተውሶ ሮታሪ ነው። «ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ይጨርስልሃል» አለኝ ያዋሰኝ ሰው። ጨረሰልኝ፤ ክሊሩን። በሩ ላይ ካለችው የታጠፈች መስመር አጠገብ አንድ እልኸኛ ጭረት ነበረች። ትንሽ ጫን አልኩና እዚያው ቆምኩ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ማሽኑን ሳነሳ ነጩ ስፖንጅ ቀልቷል። መኪናዬ ቀይ ናት። ክሊሩ አልቆ ቀለሙ እየተበላ ነበር። በጠርዝና በእጥፋት ላይ ሽፋኑ ይሳሳል፤ የማሽኑ ጉልበትና ሙቀትም እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ይከማቻል። በሩን በሙሉ አስቀባሁት። ደህና ወጣልኝ ያልኩት ኮፈን ራሱ በማግስቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ጥላ የመሰለ ሞገድ አወጣ። ሮታሪ ባልለመደ እጅ የሚተወው ምልክት ነው።

ዲኤ ላይ ስትጫኑት ዲስኩ መሽከርከሩን ያቆማል፤ መንቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል። ሻጩ እንደ ድክመት ሊነግራችሁ ይችላል። ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም፤ እናንተ ስትሳሳቱ ማሽኑ ይቆማል። አንዳንድ ዲኤ ግን በጥርስ የሚነዳ ነው፣ ብትጫኑትም አይቆምም። ስለዚህ «ስጫነው ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኧረ ምን ሲደረግ!» ብሎ በኩራት ከመለሰላችሁ ሌላ አሳየን በሉት።

ቀጥሎ ዲኤው የሚሠራውን የክብ ስፋት እዩ። በሚሊሜትር ይጻፋል፤ 8፣ 15፣ 21 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። 21 ጣራና ኮፈን ላይ ይፈጥናል፤ የበር ጉብጉብ ላይ ግን ይዘላል፣ ይቆማል፣ እጅ ያደክማል። 8 ለመቆጣጠር ይቀላል፣ ግን ቀስ ይላል። አንዲት መኪና ላለው ሰው ከ8 እስከ 15 ይበቃል። 21ዱን ለሚነግዱበት ተዉላቸው።

የስፖንጁ መያዣ 125 ሚሊሜትር ይሁን። ለዚህ ልክ የሚሆን ስፖንጅ በቀላሉ ይገኛል። የፍጥነት መቀየሪያ ከሌለው አትግዙ። ዋት ላይ ግን አትከራከሩ፤ ከ500 በላይ ከሆነ ለቀላል ጭረት ይበቃል። ከዋቱ ይልቅ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት፤ ሱቁ ውስጥ አንስታችሁ በር ፊት እንደቆመ ሰው ወደፊት ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ክንዳችሁ ከተንቀጠቀጠ ለሰዓታት አትችሉትም። ባትሪ ወይስ ገመድ? በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚሠራ ሰው ገመድ ይሻላል ባይ ነኝ። ባትሪው ሳይሠራ ያረጃል።

ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስሮ መሥራት የሚባለውን ምክር እርሱት። በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል፤ የፖሊሽ ሮታሪ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 አያልፍም። ድሪል ላይ የሚገጠመው ትንሽ ስፖንጅ ለደበዘዘ የፊት መብራት ምንም አይልም፤ ለበር ግን አይሆንም።

የተረፈውን ገንዘብ ስፖንጅ ላይ አውጡት። አንድ መካከለኛ፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ትርፍ። ፖሊሹንም ከደቃቁ ጀምሩ፤ ካልሠራ ነው ወደ ሻካራው የሚኬደው።

ማሽኑን ቤት ስታደርሱ የስፖንጁ መያዣ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ስትሠሩ መስመሩ ሲዞር ካያችሁ ደህና ነው፤ ቆሞ ከተንቀጠቀጠ ከመጠን በላይ ተጭናችኋል። ጠርዞቹንና እጥፋቶቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። በእያንዳንዱ ጎኑ 50 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ምረጡ። ስፖንጁ ላይ አተር የሚያክሉ አራት ጠብታ ፖሊሽ አድርጉ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት አዳርሱት፣ ከዚያ የፍጥነት መቀየሪያውን ወደ 4 ከፍ አድርጉ። ማሽኑን ስፖንጁን ቀለሙ ላይ ሳታስቀምጡ ከከፈታችሁት ልብሳችሁም መስታወቱም ፖሊሽ ይሆናሉ። መስመር በመስመር፣ ቀስ እያላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሂዱበት፤ ፓራውልት ላይ ግን ቶሎ ቶሎ እረፉ፣ ፕላስቲክ ሙቀት ይይዛል።

ጠርጋችሁ በስልክ መብራት ከጎን እዩት። አሪፍ ከሆነ ገና አትደሰቱ። የፖሊሹ ዘይት ጭረት ይደብቃል። በውኃ የተበረዘ አልኮል በንጹህ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አድርጋችሁ ጥረጉና እንደገና ተመልከቱ፤ ተመልሶ ከመጣ መጀመሪያም አልሄደም ነበር።